ጋዝ ያለቀ ሌሊት

እስቲ ባልና ሚስት ሆናችሁ ይህን ጥያቄ እርስ በርሳችሁ ተጠያየቁ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ፣ መብራት በሄደበት፣ ወጡ ገና ጥሬ ሆኖ ሳለ የሲሊንደሩ ጋዝ ቢያልቅ በቤታችሁ ምን ይደረጋል? በብዙ ቤት መልሱ አንድ ነው፤ ከሰል ይቀጣጠላል። የት? ደጅ። ከዚያስ? ዝናቡ ከበረታ፣ ወይም ልጆቹን ከበረዳቸው፣ ወይም ድስቱ ገና ብዙ የሚቀረው ከሆነ ማንደጃው ወደ ቤት ይገባል። በሩም ይዘጋል።

ይህ ጽሑፍ በአብዛኛው ስለዚያች ማንደጃ ነው። ጋዝ መጥፋቱ ራት ያዘገያል፣ ያናድዳል፣ ኪስ ይጎዳል እንጂ በራሱ ሰው አይገድልም። ሰው የሚሞተው በጋዙ ፈንታ በችኮላ በሚገባው ነገር ነው። ፍም ያለበት ማንደጃ፣ ቤንዚን የተቀላቀለበት ነጭ ጋዝ፣ በሻማ ብርሃን የሚቀየር ሲሊንደር። እነዚህ ሦስቱ ደግሞ የሚመጡት ሁልጊዜ በሌሊት፣ ሁልጊዜ ሰው ሲደክመው ነው።

ከወደብ እስከ ጫግኒ

ጫግኒ ከእንጅባራ ወደ ግልገል በለስና ወደ ጉባ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ ዛሬ የጓንጓ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነች፣ ቀድሞም የመተከል አውራጃ መቀመጫ የነበረች ከተማ ናት። ወደ ታላቁ የህዳሴ ግድብ የሚያልፈው መኪና የሚያርፍባት ናት። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም እንዳለው ተነግሯል። ታዲያ የግድቡ ጎረቤት ሆኖ መብራት እንዴት ይጠፋል ብሎ የሚገረም ሰው አይጠፋም። ኃይሉ ከግድቡ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ኩሽናችን አይገባም፤ በትልልቁ መስመር ሄዶ፣ በማከፋፈያ ጣቢያ ወርዶ፣ በእንጨት ምሰሶ በኩል ነው የሚደርሰን። አንድ ዛፍ በነፋስ ሲወድቅ ያ የመጨረሻው ሽቦ ይበጠሳል። የአዊ ክረምት ደግሞ ምን ያህል ዝናብና ነፋስ እንዳለው ለአገሩ ሰው መንገር አያስፈልግም።

የሲሊንደሩ ነገር ከዚህም የረዘመ ነው። የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ በ1989 ዓ.ም. ሥራ ካቆመ ወዲህ አገራችን የተጣራ ነዳጅ ሁሉ የምታስገባው ከውጭ ነው። የሚመጣውም በአብዛኛው በጅቡቲ ወደብ በኩል፣ በቦቴና በከባድ መኪና ነው። አዲስ አበባ ይደርሳል፣ የዓባይን በረሃ ይሻገራል፣ ደብረ ማርቆስን አልፎ እንጅባራ ይወጣል፣ ከዚያ ወደ ጫግኒ ቁልቁል ይወርዳል። በዚህ ሁሉ መንገድ አንዱ ቦታ ቢዘጋ ሱቁ "ሲሊንደር የለም" ይላል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተፈጠረው የጸጥታ ችግር መንገድ መዘጋት ምን እንደሆነ ሁላችንም አይተናል። ነጭ ጋዝም ቢሆን መንግሥት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. አንሥቶ የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ከጀመረ ወዲህ እንደ ድሮው የድሃ ማገዶ መሆኑ ቀርቷል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያነሣው ጥያቄ አለ። "የኦጋዴን ጋዝ ወጥቷል አይደል? ሲሊንደሩ አይረክስም?" የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ ፕሮጀክት የመጀመሪያው ምዕራፍ መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. መመረቁ እውነት ነው። ነገር ግን እዚያ የሚመረተው እጅግ ቀዝቅዞ ፈሳሽ የሚደረግ የተፈጥሮ ጋዝ ሲሆን፣ በኩሽናችን ባለው ሲሊንደር ውስጥ ያለው ደግሞ ቡቴንና ፕሮፔን የሚባሉ ጋዞች ቅልቅል ነው። ስማቸው ጋዝ ይሁን እንጂ አንዱ በሌላው ዕቃ አይሞላም። ስለዚህ ምሥራቹን በደስታ እንቀበለው፣ የከሰል ማንደጃውን ጉዳይ ግን ዛሬ እንነጋገር።

ከሰል ለአዊ ሰው ሩቅ አይደለምና። በፋግታ ለኮማና በባንጃ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ግራር ተክሎ፣ አራት አምስት ዓመት ጠብቆ ይቆርጠዋል፤ ከሰል አድርጎም ይሸጠዋል። ከሰሉ እስከ አዲስ አበባ በመኪና ይሄዳል። ብዙ ቤተሰብ በዚህ ቤት ሠርቷል፣ ልጅ አስተምሯል፤ የሚነቀፍ ሥራ አይደለም። ብቻ ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሲሊንደር ከጅቡቲ ሲመጣ፣ ከሰል ከጎረቤት ወረዳ ይመጣል። ጋዝ በጠፋ ቁጥር እጃችን ወዴት እንደሚዘረጋ አስቀድሞ የታወቀ ነው።

ጭስ የሌለው ከሰል

"ጭሱ አልቆ ፍም ከሆነ ችግር የለውም" የሚለው ምክር ከእናት ለልጅ ሲወርድ የመጣ ነው። ግማሹ እውነት ነው፤ ዓይን የሚያቃጥለውና የሚያስለው ጭስ በእርግጥ ይቀንሳል። ገዳዩ ግን እርሱ አይደለም። ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ቀለም የለውም፤ ሽታ የለውም፤ ዓይን አያስለቅስም፤ ጉሮሮ አይከረክርም። ከሰሉ ቀልቶና አምሮ፣ ላዩ ነጭ አመድ ለብሶ፣ "አሁንማ ንጹሕ ሆነ" በተባለበት ሰዓት ሁሉ መውጣቱን አያቆምም። በአመድ የተዳፈነ ረመጥም እንዲሁ ነው፤ ለብዙ ሰዓት ይሰጣል።

ይህ ጋዝ ወደ ሳንባ ሲገባ በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ክፍል ይይዛል። አያያዙም ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ የበረታ ነው። ደሙ ይዘዋወራል፣ ልብ ይመታል፣ ሰውየው ይተነፍሳል፤ አንጎሉና ልቡ ግን ኦክስጅን አያገኙም። መጀመሪያ ራስ ምታት ይመጣል። ቀጥሎ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት። ወጥመዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ነገሩ የገባው ሰው እንኳ ተነሥቶ በሩን ሊከፍት ሲል እግሩ አይታዘዝለትም። ተኝቶ የነበረው ደግሞ ጭራሽ አይነቃም።

ጫግኒ እንደ እንጅባራ ብርዳም አይደለችም፤ ወይና ደጋ ናት። ስለዚህ "እኛ ለመሞቅ ከሰል አናስገባም" የሚል ሰው ይኖራል። ልክ ነው፤ በዚያ አገር ማንደጃውን ወደ ቤት የሚያስገባው ብርዱ ሳይሆን ዝናቡ ነው። በሐምሌ ደጅ ላይ ወጥ መሥራት አይቻልም። ኩሽና የሌለው፣ በአንድ ክፍል ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ የሚኖር ሙሽራ ባልና ሚስት የት ያብስሉ? አልጋው፣ ሲሊንደሩ፣ የውኃ ጄሪካኑ፣ ማንደጃው በአንድ ክፍል ነው። ዝናቡ በአንድ በኩል ስለሚገባ መስኮቱ ይዘጋል፣ ከበሩ ሥር ያለውም ክፍተት በጨርቅ ይወተፋል።

አንዳንድ ቤት በማንደጃው አጠገብ በሣህን ውኃ ይቀመጣል፤ አንዳንድ ቤት ፍሙ ላይ ጨው ይነሰነሳል። ሁለቱም ይህን ጋዝ አያስቀሩትም። በሩን ገርበብ አድርጎ መተኛትም መድኃኒት አይደለም፤ ነፋሱ ሲለወጥ በሩ ይገጥማል፣ ወይም ሌሊት አንዱ ተነሥቶ ይዘጋዋል። ማብሰል ግድ ከሆነ በርና መስኮት ፊት ለፊት ተከፍተው አየር ይተላለፍ፤ ማንደጃው በበሩ በኩል ይሁን። ልጆች በዚያ ክፍል አይተኙ። ወጡ ሲወርድ ማንደጃው ከነፍሙ ይውጣ። "ለጠዋት ቡና እሳት ይቆይ" ብሎ በአልጋ ሥር ወይም በማዕዘን ረመጥ ማሳደር ፈጽሞ አይገባም። ለጠዋቱ ከጎረቤት እሳት መጫር ይቻላል፤ አያቶቻችን ያደረጉት ነው።

ወደ አራስ ቤት እንሂድ። ይህን በተለይ ለእናቶችና ለአማቶች ነው የምጽፈው፤ በአራስ ቤት ሥልጣኑ የእነርሱ ነውና። አራስ ብርድ እንዳይመታት ተብሎ በሩ ይዘጋል፣ መስኮቱ ይሸፈናል፣ ገንፎውም አጥሚቱም ቡናውም በዚያው በከሰል ይዘጋጃል። ጠያቂ ይመጣል፣ ይጸልያል፣ ይሄዳል፤ እናትና ሕፃን ግን ሌት ተቀን እዚያው ናቸው። ሕፃን ከአዋቂ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ ስለዚህ ቶሎ ይመረዛል። ነፍሰ ጡር ስትሆን ደግሞ በማኅፀን ያለው ፅንስ ከእናቱ የበለጠ ይጎዳል፤ እናቲቱ ራሷን ብቻ አሟት ስትነሣ ፅንሱ ሊሞት ይችላል። አራስ ልብስ ትደርብ፣ ጋቢ ትልበስ፣ ሕፃኑ በደረቷ ላይ ይሙቅ። ቡናው በሌላ ክፍል ወይም በበረንዳ ይፈላ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ በሚነድ ማገዶና ከሰል፣ በነጭ ጋዝም ጭስ ሰበብ በዓለም ላይ ወደ 3.2 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ሞቷል፤ ከእነዚህም ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ነበሩ። ይህ በአንድ ሌሊት በከሰል ታፍኖ የሚሞተውን ብቻ አይደለም የሚቆጥረው፤ አብዛኛው ለዓመታት በሚተነፈስ ጭስ በሳንባና በልብ በሽታ የሚሞተው ነው። ሲሊንደር መግዛት የቻለ ቤተሰብ ከዚህ ሁሉ በጥቂቱ አምልጧል ማለት ነው። ጋዙ ባለቀበት ሳምንት ወደዚያው መመለስ የሚያሳዝነው ለዚህ ነው።

ዱካክ ነው ወይስ ከሰል?

ሌሊት ደረቱን እንደ ድንጋይ የተጫነው፣ መነሣት ያቃተው፣ መጮኽ ፈልጎ ድምፅ ያጣ ሰው ጠዋት ምን ይላል? አገራችን ለዚህ ስም አላት፤ ዱካክ ትለዋለች። በእኛም በአማኞች ዘንድ "ጠላት ሌሊት ሲዋጋኝ አደረ" የሚል ምስክርነት ይሰማል። መንፈሳዊ ውጊያ የለም አልልም። ነገር ግን በዚያች ሌሊት በክፍሉ ውስጥ ማንደጃ ነበረ ወይ? ሚስትም ራሷን አሟት ነበር ወይ? ልጁ አስታወከ ወይ? ወደ ደጅ ሲወጡ ቀለል አላቸው፣ ሲመለሱ ደግሞ ባሰባቸው ወይ? መልሱ አዎን ከሆነ፣ የተዋጋቸው ከሰል ነው። በቤት ያለ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሱን ሲያመው ጉንፋን ነው ከማለት በፊት እሳቱን መመልከት ይገባል።

ይህ በተለይ በአዳር ጸሎትና በቤት ለቤት ኅብረት ጊዜ ይታሰብ። ሃያ ሰው በአንድ ሳሎን ተሰብስቧል፤ ጎረቤት እንዳይረበሽ በርና መስኮት ተዘግቷል፤ በማዕዘን ቡና በከሰል ይፈላል። አንዲት እኅት ትወድቃለች። ብዙዎች እጅ ጭነው መጸለይ ይጀምራሉ። ይጸልዩ፤ ግን አንድ ሰው በሩን ይክፈት፣ ሌላው ማንደጃውን ያውጣ፣ ሁለት ሰዎች እኅቲቱን ተሸክመው ደጅ ያውጧት። ደጅም ላይ መጸለይ ይቻላል። በጸሎት ቤት መብራት ሲሄድ የሚነሣው ጄኔሬተርም ይህንኑ ጋዝ ያወጣል፤ ዝናብ እንዳይመታው ተብሎ በመተላለፊያ ወይም በኋላ ክፍል ውስጥ ማስነሣት አይገባም።

በከሰል ታፍኖ የተገኘ ሰው ቢያጋጥም፣ አዳኙ ሰው መጀመሪያ በርና መስኮት ከፍቶ፣ ትንፋሹን ይዞ ገብቶ፣ ጎትቶ ያውጣ። እዚያው ውስጥ ሆኖ ውኃ መርጨትና መጠየቅ ሁለት ሬሳ ማብዛት ነው። ደጅ ከወጣ በኋላ ራሱን የሳተ ሰው ወተትም ሎሚም አይጋት፤ ወደ ሳንባው ይሄድበታል። በጎኑ ይተኛ። ካልተነፈሰ ልምዱ ያለው ሰው ትንፋሽ ይስጠው። ከዚያም በፍጥነት ወደ ሆስፒታል። "ነቅቷል፣ ደኅና ነው" ብሎ ማስቀረት ስሕተት ነው። በተራ አየር ያ ጋዝ በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጅበታል፤ በሆስፒታል ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጥ ግን ወደ 1 ሰዓት ተኩል ይወርዳል። ለሐኪሙም "ከሰል ነበረ" ብሎ መንገር አይዘንጋ፤ ካልተነገረው ወባ ወይም ሌላ ነገር ሊመስለው ይችላል።

ሽታው ሲመጣ

ስለ ሲሊንደሩ ራሱ ጥቂት እንበል። ጋዙ በተፈጥሮው ይህን ያህል ሽታ የለውም፤ የምናውቀው የከረፋ ሽታ ሰው እንዲነቃ ተብሎ ሆነ ተብሎ የተጨመረበት ነው። ስለዚህ ሽታው ወዳጅ ነው። ጋዙ ከአየር ይከብዳል፤ ሲያፈስ ወደ ላይ ተንኖ አይሄድም፤ በወለሉ ላይ ተኝቶ ወደ አልጋ ሥር፣ ወደ ቁም ሣጥን ሥር፣ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይፈስሳል። ቆሞ የሚሄድ አባወራ ሳይሸተው ወለል ላይ የሚጫወት ልጅ ሊሸተው ይችላል። ልጅ "እማዬ፣ ይሸታል" ሲል አይገሠጽ።

ሽታ ከመጣ ክብሪት አይጫርም፤ መብራት አይበራም፤ የበራውም አይጠፋም። ሶኬት አይነቀልም፣ አይሰካም። ትንሿ የማብሪያ ብልጭታ ትበቃዋለችና። የሲሊንደሩ መክፈቻ ይዘጋል፤ በርና መስኮት ይከፈታል፤ ሰው ሁሉ ይወጣል፤ ስልክም የሚደወለው ደጅ ተወጥቶ ነው። በጎረቤት ማንደጃ ካለ ይነገራቸው። በመጥረጊያ ወለሉን ወደ ደጅ መጥረግ ሞኝነት የሚመስለው ሰው አለ፤ ጋዙ በወለል ላይ ስለሚተኛ ግን ይረዳል።

የሚያፈስበትን ቦታ በክብሪት የሚፈልግ ጎበዝ በየሰፈሩ አለ። እንዲህ ያለውን ጎበዝ ከኩሽናችሁ አርቁት። የሳሙና አረፋ በቂ ነው፤ በሬጉሌተሩ ዙሪያ፣ በጎማው ጫፍና ጫፍ ሲቀባ አረፋው እየተነፋ ከመጣ እዚያ ያፈስሳል። ጎማው ሲታጠፍ የሚሰነጠቅ ከሆነ ዕድሜው አልቋል። በፕላስቲክና በክር ጠቅልሎ ማሰር ጥገና አይባልም።

እሳቱ በሲሊንደሩ አፍ ላይ ከተያያዘና ወደ መክፈቻው መድረስ ከተቻለ፣ በእርጥብ ወፍራም ጨርቅ እጅን ጠቅልሎ መዝጋት ነው። ካልተቻለ ሰውን ማስወጣት እንጂ መታገል አያስፈልግም። በተለይ የሰርቪስ ቤቱ ኮርኒስ ማዳበሪያ ወይም አቡጀዲ ከሆነ እሳቱ ወደ ላይ ከደረሰ በኋላ የሚጠብቅ ጊዜ የለም። ዘይት በድስት ውስጥ ሲነድም ውኃ አይደፋበት፤ አክንባሎ ወይም ክዳን ይደፋበትና እሳቱ ይጥፋ። አዲስ አበባ ላለ አንባቢ የእሳት አደጋ ቁጥሩ 939 ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። በየከተማችሁ የሚሠራውን የፖሊስና የጤና ጣቢያ ስልክ ግን ዛሬውኑ ጠይቃችሁ በኩሽናው ግድግዳ ላይ በትልቁ ጻፉት፤ ሌሊት በጭንቅ ጊዜ ስልክ ውስጥ ስም መፈለግ አይሆንም።

የተቃጠለ ሰው ቁስሉ ላይ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ቅቤ ወይም ሊጥ አይቀባ። ለ20 ደቂቃ ያህል ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ እየፈሰሰበት ይቆይ፤ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ወደ ሐኪም ይሂድ።

በሻማ አትቀይሩት

መብራት በሄደበት ሌሊት አዲስ ሲሊንደር ቢኖራችሁ እንኳ፣ ጠዋት ድረስ ብትታገሡ ይሻላል። ሲሊንደር ሲፈታና ሲገጠም ጥቂት ጋዝ ማምለጡ አይቀርም። በዚያች ደቂቃ ሻማ፣ ኩራዝ፣ ወይም በማዕዘን የተቀጣጠለ ማንደጃ ካለ የሚሆነውን መናገር አያስፈልግም። የግድ ከሆነም ደጅ ወስዶ፣ አስቀድሞ በበራ የእጅ ባትሪ ወይም የስልክ መብራት፣ እሳት ሁሉ ከጠፋ በኋላ ይሁን። ሬጉሌተሩ አልገጥም ካለ በመዶሻ አይመታ፤ የአንዱ ኩባንያ ሲሊንደር ለሌላው ሬጉሌተር ላይገጥም ይችላልና ስትገዙ ይህን ጠይቁ። የላስቲክ ጎሚኒዋም እንዳትወድቅ እዩ።

ጋዝ በጠፋ ሰሞን ገበያው ላይ ሌላ ነገር ይመጣል፤ በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጥ ነጭ ጋዝና ቤንዚን። ሁለቱ በአንድ ጄሪካን ተራ በተራ ሲቀዱ ይቀላቀላሉ። ጥቂት ቤንዚን የገባበት ነጭ ጋዝ በቡታጋዝ ወይም በኩራዝ ውስጥ ሲገባ ይፈነዳል። ከወትሮው የተለየ፣ የቤንዚን ሽታ ያለው ነጭ ጋዝ ሲያጋጥም ገንዘቡ ያሳዝን እንጂ አይለኮስ። ከሰል ለማቀጣጠልም ቤንዚን አይርከፍከፍ። በሃይላንድ የተቀመጠውን ደግሞ የተጠማ ልጅ ውኃ መስሎት ይጠጣዋል። ነጭ ጋዝ የጠጣ ልጅ እንዲያስታውክ አይደረግ፤ የበለጠ የሚጎዳው ወደ ሳንባው ሲገባ ነውና፤ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።

የባልና የሚስት ጉዳይ

በብዙ ቤት ሲሊንደር የሚገዛው ባል፣ የሚጠቀምበት ሚስት ወይም የቤት ሠራተኛ ናት። ስለዚህ ጋዝ ሲያልቅ የመጀመሪያው የሚነደው ነገር ንግግር ነው። "ባለፈው ወር አልነበረም እንዴ የሞላሁት?" "ልጆቹን በምን ላብላ ታዲያ?" ከዚያም ሚስት በንዴትና በድካም፣ ያለ ማንም እርዳታ፣ ማንደጃውን ታስገባለች። ኦሪት ዘዳግም 22፥8 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ያዝዛል፤ ከዚያ የወደቀ ሰው ቢኖር የደሙ ዕዳ በባለ ቤቱ ላይ እንዳይሆን። የእኛ የቆርቆሮ ጣሪያ ሰው አይወጣበትም፤ መከታ የሚያስፈልገው የእኛ ቦታ ወለሉ ላይ ነው። ያም የኩሽና ጉዳይ የሴት ብቻ ነው ለሚል ወንድም መልስ ይሆነዋል ብዬ አምናለሁ።

ቢያንስ አንድ ቀን ማታ ተቀምጣችሁ ስለዚህ ተነጋገሩ። ሲሊንደሩ ላይ ባዶ ክብደቱ ተቀርጾበታል፤ በሚዛን ስትመዝኑት ልዩነቱ የቀረው ጋዝ ነው። ሚዛን ከሌለ ሙቅ ውኃ በጎኑ ላይ አፍስሳችሁ በእጅ ዳሱት፤ ጋዝ ያለበት ክፍል ቀዝቀዝ ይላል፤ ባዶው ይሞቃል። ሩብ ሲቀር መፈለግ ከተጀመረ ሌሊት ላይ ጉድ አይታይም። ሠራተኛዋም መክፈቻው በየት በኩል እንደሚዘጋ እጇን አስይዛችሁ አስተምሯት፤ ከገጠር በመጣች በሁለተኛው ቀን "ይኸው ጋዙ" ብሎ መሄድ ግፍ ነው። መብራት ሲሄድ የእንጀራ ምጣዱን ከሶኬት መንቀልም ከዚሁ ጋር ይልመድ፤ ሌሊት ሲመጣ ባዶ ምጣድ ሲነድ ያድራልና።

ጋዝ ለሚጠፋበት ሳምንት የሚሆን ምግብ ከእናቶቻችን ማዕድ አልጠፋም። በሶ እሳት አይፈልግም፤ ውኃና ጨው ወይም ማር ይበቃዋል። ዳቦ ቆሎና ቆሎ በደኅናው ቀን ይዘጋጃሉ። ባቄላና ሽምብራ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ካደሩ የሚፈልጉት እሳት በጣም ይቀንሳል። የፈላ ድስት ከእሳት ወርዶ በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ጭድ በሞላበት ቅርጫት ውስጥ ቢቀመጥ በራሱ ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላል። የአዊ ድንች ለዚህ ደኅና ነው። ከሰል የግድ ከሆነ "ላቀች" የሚባለው ማንደጃ ከተራው የቆርቆሮ ማንደጃ ያነሰ ከሰል ይበላል። ለእንጀራ "ምርጥ" የሚባለው የእንጨት ምድጃ ከጉልቻ ይልቅ ወደ ግማሽ የሚጠጋ ማገዶ ይቆጥባል። ሁለቱም ግን እሳት ናቸው፤ ቤቱ ተዘግቶ አይለኮሱም።

ሁለት ሦስት ቤተሰብ በአንድ እሳት ቢያበስል ምን ይለዋል? ጫግኒ በ2013 ዓ.ም. ከመተከል ተፈናቅለው የመጡ ብዙ ሺህ ወገኖችን በራንች ካምፕ ስትቀበል ሕዝቡ ያለውን ተካፍሏል። በኅብረታችሁ ውስጥ ብቻዋን የምትኖር መበለት፣ አራስ ያለችበት ቤት፣ በሰርቪስ የሚኖሩ ሙሽሮች እነማን እንደሆኑ ታውቃላችሁ። ጋዝ በጠፋ ሰሞን ኩሽና ያለው ሰው "እኔ ጋ ኑና አብስሉ" ማለት ይችላል።

መንገዱ ተከፍቶ፣ ሲሊንደሩ ሞልቶ በባጃጅ ሲመጣም አትቸኩሉ። ቆሞ እንጂ ተጋድሞ አይጫን። አልጋ ካለበት ክፍል ውጭ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ ከፀሐይና ከማንደጃ ርቆ ይቀመጥ። በቀን ብርሃን ይገጠም፤ ሳሙናው በሬጉሌተሩና በጎማው ላይ ይቀባ፤ አረፋው ጸጥ ብሎ ከተቀመጠ በኋላ ክብሪቱ ይጫር። ባልየውም በዚያች ሰዓት ኩሽና ውስጥ ቢገኝ መልካም ነው፤ ቡናውን ያፈላ።